አዴ ፋጡማ «ሹድ ሃቭ» አልልም ያሉ ቀን

ዘጠነኛ ክፍል ላይ ያቋረጥኩትን ትምህርት ዘንድሮ ልጄን አዝዬ በጎልማሶች የእንግሊዝኛ ክፍል ጀመርኩ። ስታለቅስ ክፍሉን ስለምትረብሽ፣ ያን ቀን የመጨረሻዬ ይሁን ብዬ ቆርጬ ነበር።

መምህሩ ማድረግ ሲገባን ያላደረግነውን በ«ሹድ ሃቭ» እንድንናገር አዘዘን። እኔ «ትምህርቴን መጨረስ ነበረብኝ» አልኩ። ቀጥሎ ኤረር በር ገበያ ቅመም የሚሸጡት እናት፣ አዴ ፋጡማ፣ ተጠየቁ።

«እኔስ አልልም! ላለፈ ነገር ‹ምነው ባደረግኩ› ማለት ለሸይጧን በር መክፈት ነው።»

«ፈተና ላይ ዜሮ ያገኛሉ፣ እናቴ» አላቸው መምህሩ።

«ዜሮውም የአላህ ቀደር፣ የእሱ ውሳኔ ነው።»

ክፍሉ በሳቅ ሲሞላ ልጄ ደንግጣ አለቀሰች። ደብተሬን ሰብስቤ ስነሳ አዴ ፋጡማ ከጀርባዬ ፈትተው ጭናቸው ላይ አስቀመጧት። ዝም አለች። ከዚያ ወደ መምህሩ ዞሩና በእንግሊዝኛ፣ «ሹድ ሃቩ»ን ሳይዘሉ፣ «ይህችን ልጅ ከመጀመሪያው ቀን መያዝ ነበረብኝ» አሉት።