ልኩ የትኛው ነው?

ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ አዲስ ኮምፒውተር ገዛችና፣ የሟች ባሏን መዝሙሮች ከኪስ ማጫወቻው ወደዚያ እንዲገለብጥላት የባሏን ወንድም ጠራች። ባሏ ራሱ ዘምሮ የቀዳቸው ናቸው፤ ሌላ ቦታ የሉም። ሁለቱ ከቀብሩ ወዲህ ዓይንና ናጫ ናቸው። እኔ ኮቴን ልለካ ገብቼ ነበር።

ገመዱን እንደሰካ ኮምፒውተሩ «ይመሳሰሉ?» ሲል ጠየቀ።

«እሺ በይው» አላት፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ።

«የትኛው ነው የትኛውን የሚመስለው?»

«አንቺ ደግሞ። ቀሚስ መሰለሽ እንዴ? ተጫኝው።»

«እኔ ልኩን ሳላውቅ መቀስ አላነሳም። ልኩ ይሄ ባዶው ከሆነ ማጫወቻውም ባዶ ሊቀር ነው።»

«ወንድሜንም እንዲህ በጥያቄ ነው ያደረቅሽው።»

«አንተ ደግሞ ሲታመም አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅከውም።»

ስልኩን አስቀምጦ ከጥያቄው ሥር ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ አነበበ፦ በማጫወቻው ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ፊቱ ቀላ። «አይ»ን ተጫነና ፋይሎቹን በእጁ እየመረጠ መገልበጥ ጀመረ። ፈጣሪ ይመስገን፣ አንድም አልጎደለም።

አላመሰገነችውም፤ እሱም ይቅርታ አላላትም። በሩ ጋ ሲደርስ ግን ጀርባውን እንደሰጠን፣ «ለእኔም ቅጂልኝ» አለ።

«ፍላሽ ይዘህ ና» አለችው መርፌዋን ከኮቴ ላይ ሳትነቅል። «ኮምፒውተሩን ግን አትነካም።»