«ቲር» ብዬ ያነበብኩት ቃል

አባቴ የቅኔ መምህር ነበሩ። ደብረ ኤልያስ አጠገብ፣ ከቤታችን ጓሮ፣ ዋንዛው ሥር ተቀምጠው ሠላሳ ዓመት ያህል አስተምረዋል። እኔ ደግሞ አማኑኤል ከተማ የእንግሊዝኛ መምህርት ነኝ። ስለዚህ ከመድኃኒት ብልቃጥ እስከ ማዳበሪያ ጆንያ፣ የፈረንጅ ፊደል ያለበት ነገር ሁሉ አንብቢልን ተብሎ ወደ እኔ ይመጣ ነበር።

በጥር ወር፣ አንድ ዓርብ፣ አባቴ አጥር ሲያጥሩ የእሾህ ዘንግ ተፈናጥሮ ቀኝ ዓይናቸውን መታቸው። ጤና ጣቢያ ሄዱ። ባለሙያው አንድ ብቻ፣ ሰልፉ ረዥም ነበር። ዓይናቸውን በባትሪ አይቶ ቅባት ሰጣቸውና ወረቀት ጽፎ «ይህን ይዘው ማርቆስ ሆስፒታል ይሂዱ» አላቸው። መቼ እንደሆነ አልነገራቸውም፤ ወይም ነግሯቸው አልሰሙትም።

በማግስቱ ከአማኑኤል ስመጣ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፍነው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። እናቴ ወረቀቱን አምጥታ ሰጠችኝ። ሁለት ተማሪዎቻቸውና አንድ ጎረቤት ዙሪያዬን ቆሙ።

«እስቲ ምን ይላል?» አሉ አባቴ። «የሚያስቸኩል ካልሆነ ከንግሡ በኋላ እሄዳለሁ። ልጆቹ ሐሙስ ቅኔ ያቀርባሉ፤ ትቻቸው አልሄድም።»

ጽሑፉ ዶሮ የጫረው ይመስላል። «ቀኝ ዓይን» የሚለውን አነበብኩ። ቀጥሎ የማላውቀው ቃል ነበረ፤ ሰው ሁሉ አፍ አፌን እያየ «ይህን አላውቀውም» ለማለት አፍሬ ዘለልኩት። ከዚያ ጥርት ብለው የተጻፉ አራት ፊደላት መጡ፦ ቲ፣ ኢ፣ ኤ፣ አር።

«ቲር፤ እንባ ማለት ነው» አልኩ። «ዓይንዎ ያነባል ነው የሚለው።»

አባቴ ሳቁ። «ድሮስ ዓይኔ ያነባል! ሥራው አይደለም እንዴ?» አሉ፣ እኔ ያላላሁትን «ባ» አጥብቀው። የቅኔ ሰው ናቸውና እንባውን ንባብ አደረጉት። ተማሪዎቹ ሳቁ፤ እናቴም እፎይ አለች። የማርቆሱ መንገድ በዚያው ቀረ።

እሑድ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ሐሙስ ንግሡ ሆነ። አባቴ አንድ ዓይናቸውን እንደሸፈኑ ቆመው የተማሪዎቻቸውን ቅኔ ሰሙ አሉ፤ ሕመሙን ለማንም አልተናገሩም። ዓርብ ጠዋት እናቴ ደወለች። «ፊታቸው አብጧል፤ ዓይናቸው መግል ይዟል። ቶሎ ነይ!»

ማርቆስ ሆስፒታል ተገናኘን። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ዓይናቸውን ብዙ ጊዜ ወስዳ አየች፤ ከዚያ ወረቀቱን ተቀብላ አነበበችና ቀና ብላ አየችኝ።

«ይኼ ከተጻፈ ሳምንቱ ነው እኮ! «ቴር» ይላል። የዓይናቸው የፊተኛው ሽፋን ተቀዷል። ያኔውኑ ቢመጡ ይሰፋ ነበር።»

ቃሉን አላውቀው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። በዚያው ሰሞን ሰባተኛ ክፍል ገብቼ «ወረቀቱን ቅደዱ» የሚለውን በዚሁ በ«ቴር» አስተምሬያለሁ። ሁለቱ ቃላት በአንድ ዓይነት ፊደል ይጻፋሉ። «ቲር» ሲባል እንባ ነው፤ «ቴር» ሲባል መቅደድ ነው። በኋላ መዝገበ ቃላት ገልጬ ሳይ፣ ሥረ መሠረታቸውም የተለያየ፣ ምንም ዝምድና የሌላቸው ናቸው። እኔ ግን «ዓይን» የሚል ቃል ስላየሁ እንባውን መረጥኩ።

ዓይኑ ወጣ።

ከቀዶ ጥገናው በሦስተኛው ቀን፣ እናቴ ምሳ ልታመጣ ስትወጣ፣ አልጋቸው አጠገብ ተንበረከክሁ።

«አባ፣ ወረቀቱ እንባ አይልም ነበር፤ ተቀዷል ነው የሚለው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

«ሁለቱ በአንድ ፊደል ነው የሚጻፉት?» አሉ።

«አዎ።»

«ታዲያ በምን ይለያሉ?»

«አጠገባቸው ባለው ቃል።»

«አጠገቡ ያለውን አውቀሽው ነበር?»

«አላወቅኩትም።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ተቆጡኝ ብዬ ስጠብቅ፣ እንደዞሩ «ለእናትሽ እንዳትነግሪያት» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት አስተማሩ። የቀረው ዓይናቸው እየደከመ ሲሄድ የብራና ንባቡን ተዉት፤ ቅኔውን ግን በቃል ነውና ቀጠሉበት። ጠያቂ በመጣ ቁጥር እናቴ «ለንግሥ ብለው ዓይናቸውን ያጡ ሰው!» ትላለች፤ እሳቸውም «ልክ ነሽ፤ ግትርነቴ ነው» ይላሉ። እኔ እዚያው ተቀምጬ እሰማለሁ። ክፍል ገብቼ «ዊንድ» ሲባል ነፋስን፣ «ዋይንድ» ሲባል መጠምዘዝን፣ «ሌድ» ሲባል እርሳስን፣ «ሊድ» ሲባል መምራትን፣ በአንድ ፊደል ተጽፈው በሁለት ድምፅ የሚነበቡትን ሁሉ አስተምራለሁ። እንባንና መቅደድን ግን ለሌላ መምህር እተዋለሁ።

አባቴ ባለፈው ክረምት አረፉ። በአርባቸው ዋዜማ፣ እናቴ ለተዝካሩ ጠላ ስታጠል አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት። እጇ ቆመ። ጠላው ከማጥለያው ላይ ጠብ ጠብ ሲል ይሰማል።

«ይኼን ሁሉ ጊዜ እኔ ስወቅሳቸው ዝም አሉ?» አለች።

«አትንገሪያት ብለውኝ ነው።»

«እሳቸውስ ይበሉ። አንቺስ?»

ተነሥታ ወደ ውጭ ወጣች። መቃብራቸው ሄዳ እስኪመሽ እንደቆየች ጎረቤት ነገረኝ። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል፤ ስለ እንግዶቹ እንጀራ ብቻ አነጋገረችኝ። እስካሁን አላነሣችብኝም። በየበዓሉ እሄዳለሁ፤ ታበላኛለች፤ ስሄድ ትሸኘኛለች። እንደ ድሮው ግን እስከ መኪናው አትመጣም፤ ከደጃፍ ትመለሳለች።