ከቫልቩ ላይ እጃችሁን አንሱ

ግትር ነኝ፤ እናቴም ትመሰክራለች። ኮምቦልቻ ያለ አንድ ክር ማቅለሚያ ቤት ስቀጠር ሥራዬ አንድ ነበር። የቀለሙ ገንዳ ሙቀት በደቂቃ አንድ ዲግሪ እየጨመረ ዘጠና እንዲደርስ፣ ከዚያም አርባ ደቂቃ ሙሉ እዚያው እንዲቆይ በአውቶማቲክ መሣሪያ መቆጣጠር። ሙቀቱ ከዘለለ ክሩ ቡራቡሬ ሆኖ ይወጣል።

ይወጣም ነበር። ሥራ አስኪያጁ ሦስተኛውን የተበላሸ ክር ጠረጴዛዬ ላይ ወረወረና «ይሄ አውቶማቲክ ያልሽው ነገር እብድ ነው። ነገ ካልተስተካከለ መጋዘን ገብተሽ ዕቃ ትመዘግቢያለሽ» አለኝ። አምስት ዓመት የተማርኩት ብሎን ልቆጥር ነው እንዴ! ደሜ ፈላ።

ከሰዓት ገንዳው አጠገብ ቆሜ አየሁ። መሣሪያው ገንዳውን የሚያሞቀውን እንፋሎት መክፈቻ፣ ቫልቩን፣ ትንሽ ይከፍታል። ውሃው ብዙ ስለሆነ ሙቀቱ ወዲያው አይነሳም። ሽማግሌው ፎርማናችን ግን መታገሥ አይሆንላቸውም፤ ሄደው በጎን ያለውን የእጅ ቫልቭ ያዞራሉ። ሙቀቱ ሲዘል ይዘጉታል፣ ሲወርድ ይከፍቱታል። እሳቸው ሻይ ሲወጡ ደግሞ ሌላው ሠራተኛ «እስቲ ላግዘው» ብሎ ያዞራል። እኛ ማቅለሚያ ቤት እጁን አጣጥፎ የቆመ ሰው እንደ ሰነፍ ነው የሚቆጠረው።

«ጋሼ፣ የሚያሳብዱት እኮ እርስዎ ነዎት» አልኳቸው።

«እኔ? ወላሂ፣ ባላግዘው ይሄኔ ፈንድቷል!»

የእኔም ጥፋት ነበረበት፤ ቶሎ ይድረስ ብዬ መሣሪያውን ችኩል አድርጌው ነበር። አለዘብኩት። ከደሴ ቁልቁለቱን የሚያወርደን የሚኒባስ ሹፌር ፍሬን የሚይዘው ኩርባው ሳይደርስ ነው፤ መሣሪያውንም እንደዚያው ሙቀቱ ዘጠና ሳይደርስ እንፋሎቱን መቀነስ እንዲጀምር አደረግኩት።

በማግስቱ ጠዋት የእጅ ቫልቩን ዘጋሁና ወንበር አምጥቼ ፊቱ ተቀመጥኩ።

«አንቺ ልጅ፣ ተነሺ» አሉ ፎርማኑ።

«አልነሳም።»

መጀመሪያ የሙቀቱ ቁጥር ንቅንቅ አላለም። ሥራ አስኪያጁ መጣና «ክፈቱት እንጂ!» ብሎ ጮኸ።

«ማንም አይከፍትም! የሚከፍት እኔን አንሥቶ ይክፈት» አልኩ።

ከዚያ ሙቀቱ መውጣት ጀመረ፤ በደቂቃ አንድ ዲግሪ። ዘጠናን በአንድ አለፈ፣ ተመለሰ፣ ቆመ። አርባ ደቂቃ። ፎርማኑ እጃቸውን ከኋላ አቆላልፈው «እጄን በላኝ» እያሉ ጠበቁ።

ክሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ቀለም ሆኖ ወጣ።

ሥራ አስኪያጁ ክሩን እያገላበጠ «ጥሩ። እንግዲህ መሣሪያው ራሱን ከቻለ አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? መጋዘኑ ሰው ይፈልጋል» አይለኝ መሰላችሁ!

አፌን ሳልከፍት ፎርማኑ ቀደሙኝ።

«እሷ መጋዘን ትግባና፣ ወላሂ፣ ነገውኑ ቫልቩን አዞረዋለሁ። እኔ ራሴን አውቀዋለሁ።»

ሥራ አስኪያጁ ክሩን እንደገና ማገላበጥ ያዘ። ፈቃዱን አልጠበቅኩም፤ የዚያኛውንም መሣሪያ ላለዝብ ወንበሬን ይዤ ወደ ሁለተኛው ገንዳ ሄድኩ።