ሦስቱ ጩኸቶች

በመኝታ ክፍላችን ስድስት ሴቶች ነን። ባለፈው ሳምንት ልብስ ሳጣጥፍ ስልኬ ላይ ያለ አንድ ዘፈን ሳላስበው ተከፈተ። ከላይኛው አልጋ የምትተኛው ልጅ ብድግ ብላ፣ «ኧረ በማርያም! ጅብ አንቀሽ ነው የቀዳሽው?» አለችኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁና አጠፋሁት። ሰው ደስ እንዲለው ብዬ መታዘዝ የቆየ ልማዴ ነው። ይህ ልማዴ አንድ ጊዜ የአባቴን ሁለት ጥርሶች አስወልቋል።

ዘፈኑን ያመጣው ታላቅ ወንድሜ ነበር። አዲስ አበባ ከባንድ ጋር ጊታር ይጫወት ነበር። መኪና ተገልብጦ ዳሌው ሲሰበር የህመም ማስታገሻ መርፌ ተወጋ። ዳሌው ዳነ፤ መርፌው ግን አልተወውም። እኔ አስረኛ ክፍል ሳለሁ ደብረ ኤልያስ ወደ ቤታችን ተመለሰ። ጊታሩ አብሮት አልነበረም።

ዘፈኑ ሄቪ ሜታል የሚሉት የፈረንጅ ሮክ ነው። ትርጉሙን እሱ ነው የነገረኝ። ከፈረንጆቹ ባንድ አንዱ በመድኃኒት ሱስ ሲጠፋ ጓደኞቹ ክፍል ውስጥ ዘጉበት። ሰውየው መጀመሪያ ይለምናል፣ ቀጥሎ ይሳደባል፣ በመጨረሻም ሦስት ጊዜ ይጮኻል። ከዚያ በኋላ ከበሮ ብቻ ይሰማል።

«በሩንስ ማን ከፈተው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ማንም። የዳነው እኮ ስላልከፈቱለት ነው።»

በሳምንቱ የእህል ማስቀመጫ ጓዳችንን ቁልፍ እጄ ላይ አኖረ። «አባዬ ይራራል፣ እማዬ ታለቅሳለች። አንቺ የተባልሽውን ታደርጊያለሽ። አሥር ቀን ዝጊብኝ። ምንም ብልሽ እንዳትከፍቺ።»

«እሺ፣ ጋሼ» አልሁት።

ሁለት ቀን በትውከትና በላብ አለፈ። ምግቡንና ውኃውን በትንሿ መስኮት አቀብለው ነበር። በሦስተኛው ቀን የቆርቆሮውን በር በጡጫ፣ በክርን፣ በግንባሩ ይደበድብ ጀመር። «አንቺ ውሻ! ስወጣ አንገትሽን ነው የምቀነጥሰው!» ይለኛል። ጣቶቹን በቆርቆሮው ስንጥቅ አስገብቶ ሊገነጥለው ሲታገል የግራ እጁ ሁለት ጣቶች እስከ አጥንት ተተለተሉ። ደሙ በበሩ ሥር ወደ እኔ ፈሰሰ። እያለቀስሁ በአመድ ሸፈንሁት፤ አልከፈትሁም።

በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ ጎረቤቱ ግቢያችንን ሞላው። «ይህ የሰው ድምፅ አይደለም» አሉ። እናቴ የንስሐ አባታችንን አስጠራች። መስቀላቸውንና በጀሪካን ጸበል ይዘው መጡ። በስንጥቁ እየረጩ፣ «ማን ነህ? ተናገር!» አሉ።

ወንድሜ በልጅነቱ ታሞ ጸበል ከርሟል፤ መንፈስ እንዴት እንደሚጠየቅ፣ ምን ብሎ እንደሚመልስ፣ ታማሚውም መቼ ከሰንሰለት እንደሚፈታ ደህና አድርጎ ያውቃል። ጥቂት ቆይቶ በወፍራም ድምፅ፣ «ዛር ነኝ!» አለ።

«በምን ያዝኸው?»

«በመርፌ!»

«ትለቃለህ?»

«አቃጠልኸኝ! እለቃለሁ!»

«ምልክትህስ?»

«ሦስት ጊዜ ጮኼ እወጣለሁ!»

ጮኸ። የመጀመሪያው ረጅም ነበር፣ መሐል ላይ የሚሰበር። ሁለተኛው ዝቅ ያለ፣ ሦስተኛው ጉሮሮ የሚቀድ። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ ግን ሦስቱንም አውቃቸዋለሁ፤ በስልኩ ስንት ጊዜ ሰምቻቸዋለሁ! ይህ የዘፈኑ ጩኸት ነበር።

«ለቆታል። ልጄ፣ ክፈቺ» አሉኝ ቄሱ። አባቴም «አዎ» በሚል ራሱን ነቀነቀ። ግቢው በሙሉ እጄን ያያል። አንዲት ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። አልተናገርሁም። ከፈትሁ።

በሩ ፊቴ ላይ ተበረገደ። ወንድሜ ጓዳው ውስጥ የረሳነውን ዘነዘና ይዞ ወጣ። የመጀመሪያው ምት አባቴን አፉ ላይ አገኘው። ሁለተኛውን ቄሱ በክንዳቸው ሲመክቱ ክንዳቸው ቀጭ ሲል ሰማሁ። እግሩ ላይ ተጠመጠምሁ። እስከ ግቢው በር እየጎተተ ወሰደኝና ጎኔን ረግጦ አስለቀቀኝ።

በማግስቱ አመሻሽ ላይ በጋሪ ጭነው አመጡት። የመድኃኒት መደብር መስታወት ሰብሮ ሲገባ ሰዎች ደርሰው በዱላ ቀጥቅጠውታል። አንድ ዓይኑ ተደፍኗል። ማንም ሳይነካው እየተንፏቀቀ ጓዳው ገባና፣ «ዝጊው» አለኝ።

ቄሱ ክንዳቸውን በነጠላ አንግተው ሊጠይቁን መጡ። አጠገቤ ተቀመጡ።

«ያን ቀን ታውቂ ነበር?»

«አዎ፣ አባ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«እርስዎ ክፈቺ ስላሉኝ።»

«እንግዲያውስ» አሉ፣ «አሁን እኔ ክፈቺ ብልሽም እንዳትከፍቺ። ይህ ትእዛዝ ነው።» ከዚያ በጤነኛ እጃቸው ዳዊታቸውን ገልጠው ማንበብ ጀመሩ።

አሥሩ ቀን እንደገና ከአንድ መቆጠር ጀመረ። በሰባተኛው ቀን ሦስቱ ጩኸቶች መጡ። ከፊተኞቹ የባሱ ነበሩ። እናቴ ደረቷን እየደቃች፣ «ልጄን ገደልሽው! ክፈቺ!» አለችኝ፤ ፀጉሬን ይዛ ጎተተችኝ። አባቴ በተሰነጠቀ ከንፈሩ አንዳች ነገር አጉተመተመ። ቄሱ ንባባቸውን አላቋረጡም። ቁልፉን በመዳፌ ጨብጬ በሩ ላይ ተደገፍሁ፤ ጥርሶቹ መዳፌን ሲበሱት ይሰማኛል።

ጩኸቱ ቆመ። ቆርቆሮው ላይ ጆሮዬን ለጠፍሁ። ምንም የለም። ሞቷል ብዬ ቁልፉን ወደ ቀዳዳው አስጠጋሁ።

«አልከፈትሽም አይደል?» አለ ከወዲያ በኩል፣ በራሱ ድምፅ፣ ከጆሮዬ አጠገብ።

«አልከፈትሁም፣ ጋሼ።»

«ጎሽ። ውኃ በመስኮት አቀብዪኝ።»