ቀለበቶቹ አይወርዱም

ዛሬ ጠዋት ታቦቱ ወጥቶ ሊቃውንቱ ወረብ ሲያቀርቡ፣ ከፊት ያለው ወጣት ደብተራ መቋሚያውን ከፍ አድርጎ ሦስት ጊዜ ወደፊት ቢራመድ፣ እኔ ጅሉ ሽማግሌ በሙሉ ድምፄ "እርምጃ!" ብዬ ጮህኩ። በቅርጫት ኳስ ኳሱን ሳያነጥር የሚራመድ ተጫዋች የሚቀጣው እንዲህ ተብሎ ነው። ባለቤቴ ጎኔን በክርኗ ደቃችኝ። አጠገቤ የቆሙት አዛውንት ራእይ ያየሁ መስሏቸው አማተቡ። ጡረታ የወጣው ጉልበቴ ነው እንጂ አፌ ገና ሥራ ላይ ነው።

ወረብንና ኳስን ጭንቅላቴ ውስጥ ያደባለቀው የቆየ ነገር ነው። ወጣት ሳለሁ እዚሁ ደብረ ማርቆስ መምህራን በሚሰለጥኑበት አንድ ኮሌጅ የእግር ኳስ አሠልጣኝ ሆኜ ተቀጠርኩ። እግር ኳስንም ቢሆን ያወቅኩት ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው፤ ከዚያ ጥሩ ይታያል። ቆይቶ ግቢው ውስጥ የሲሚንቶ ሜዳ ተሠራ፣ ሁለት የብረት ቀለበት ተሰቀለ፣ "ይህንም አንተው ያዘው" ተባልኩ። ቅርጫት ኳስ ሲጫወቱ አይቼ አላውቅም። በመጀመሪያው ልምምድ ቀለበቱ ሥር በረኛ አቆምኩ። በረኛው ትጉህ ልጅ ነበር፤ ሳምንቱን ሙሉ አንድም ኳስ አልገባበትም። እኔም "መከላከላችን ጠንካራ ነው" ብዬ ሪፖርት ጻፍኩ።

በኋላ ደንቡን ግማሹ ከተቀደደ መጽሐፍ ተማርኩ። ከሁሉ የከበደን አንዱን እግር ተክሎ በሌላው መዞር ነበር። ልጆቼ እርፍ እንደያዘ ሰው ሁለቱንም እግር ይጎትታሉ። አንድ ቀን ከሮብ ገበያ በኩል የመጣ፣ ቀድሞ የቆሎ ተማሪ የነበረ ሰልጣኝ፣ ኳሱን አቅፎ ወረብ እያንጎራጎረ ለብቻው ሲያሸበሽብ አየሁት። ግራ እግሩ እንደ ምሰሶ ቆሟል፤ ቀኙ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ለሁሉም አሳያቸው አልኩት። ከዚያ ወዲያ ልምምዳችን በዜማ ሆነ።

ወሬው ከተማውን ለመዞር ሁለት ቀን አልፈጀበትም። የቤተ ክርስቲያንን ሥርዓት የኳስ መጫወቻ አደረገው ተባልኩ። የኮሌጁ ዲን አስጠሩኝ። እሳቸው ድሮም ሲሚንቶውን ለመኪና ማቆሚያ ይመኙት ነበር። ሽብሸባውን አቁም፣ ከሌላ ከተማ ከሚመጣው ኮሌጅ ጋር ያለብህን ግጥሚያ ከተሸነፍክ ደግሞ ቀለበቶቹ ይወርዳሉ አሉኝ። ቀለበቱን የሚያወርድ በፊት እኔን ያውርድ ብያቸው ወጣሁ። ደረጃውን ግን ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ወረድኩት፤ መልሰው እንዳይጠሩኝ።

ማታውን አሰብኩበትና በማግስቱ ልጁን አቋቋም ወዳስተማሩት መሪጌታ ሄጄ ሁሉን ነገርኳቸው። ሲመሻሽ ሜዳው ድረስ መጥተው መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆሙ። ልጆቹ ሲያዩአቸው እግራቸው ተሳሰረ። መሪጌታ አንዱን ተጫዋች በመቋሚያቸው ጫፍ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ነካ አደረጉት።

"ተረከዝህን አታንሳ። የተከልከውን እግር እመነው።"

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "አንተስ ምን ታስተምራቸዋለህ?"

"ማፏጨት፣ የኔታ።"

ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። "ዜማውን ለቤተ ክርስቲያን ተዉት" አሉ፤ "እግሩን ግን ውሰዱት።"

በግጥሚያው ቀን መሪጌታ አጠገቤ ተቀመጡ። ልጆቼ ዜማ የለ፣ በሆዳቸው እየቆጠሩ እንደ ሊቃውንት ዞሩ፤ እንግዶቹ ኳሱን ፍለጋ ግራ ተጋቡ። ማለቂያው ላይ እኩል ነበርን። ያኔ ዳኛው ጥፋት ሰጠብን። እኔ አሠልጣኝ ተብዬው መቋሚያውን ከመሪጌታ እጅ ነጥቄ ሲሚንቶውን መታሁበት። ለሁለት ተሰበረ። እንግዶቹ የቅጣቱን ውርወራ አስገቡ፤ በሁለት ነጥብም ተሸነፍን። ዳኛው ተሳስቷል፤ ዛሬም ተሳስቷል፤ በወዲያኛው ዓለም ባገኘውም ተሳስቷል።

በማግስቱ ሁለት ሠራተኞች መሰላል ይዘው መጡ። እኔ ቀድሜያቸው በርጩማ ይዤ ቀለበቱ ሥር ተቀምጫለሁ። ሰዎቹ ጨዋዎች ናቸው፤ "ይቅርታ ጋሼ" ብለው ከነበርጩማዬ አንሥተው ዳር አስቀመጡኝ። ተመልሼ ተቀመጥኩ። ደግመው አነሡኝ። ሦስተኛውን ዙር ስንጀምር መሪጌታ ተማሪዎቻቸውን አስከትለው፣ የመቋሚያቸውን ግማሽ ይዘው ገቡ። ተማሪዎቹን በሁለት ወገን አሰልፈው ትምህርቱን ጀመሩ። ግማሹን መቋሚያ ለመደገፍ ጎንበስ ማለት ነበረባቸው፤ አንዴ ጎንበስ ባሉ ቁጥር አንዴ ያዩኛል።

ዲኑ እየሮጡ ደረሱ። እዚህ ምን ያደርጋሉ ብለው በአክብሮት ጠየቁ።

"ክረምቱ ገባ፣ የእኔ ግቢ ጭቃ ነው" አሉ መሪጌታ። "ይህ ደልዳላ ነው። እስከ መስቀል እዚሁ ነን።"

ዲኑ ቀለበቶቹን ልናወርድ ነበር አሉ።

"በእነዚህ ሁሉ ራስ ላይ መሰላል ልታቆሙ?"

ዲኑ መሰላሉን አዩ፣ ተማሪዎቹን አዩ፣ በመጨረሻ እኔን አዩ። ሠራተኞቹን ይዘው ሄዱ። መስቀል ሲደርስ እሳቸው ወደ ሌላ ቦታ ተዛውረው ነበር። እኔ ግን ጡረታ እስክወጣ እዚያው ሜዳ ላይ አፏጨሁ፤ በእግር ኳስም በቅርጫት ኳስም ካሸነፍኩት የተሸነፍኩት ይበዛል፣ ማንም ግን አላወረደኝም። ቀለበቶቹ ዛሬም እዚያው ናቸው። ዝገዋል፤ እኔን ብታዩኝ ደግሞ ለእነሱ አታዝኑም።

የመቋሚያው ነገር ግን አላለቀም። ከአምበር ገበያ አንድ አመጣሁ፤ መሪጌታ ይህ የከብት መንጃ ነው ብለው መለሱት። ከቁይ ከተማ ሌላ አመጣሁ፤ አጠረ አሉ። አሁን የኔታ በእርጅና ጎብጠዋልና ያንኑ አጭሩን ወልውዬ ይዤላቸው ብሄድ፣ "እኔ ጎበጥኩ እንጂ ዕዳህ አልጎበጠም" አሉኝ። የሚፈልጉት ቀጥ ያለ ወይራ ነው፣ እንደ ድሮው ቁመታቸው። እስካሁን አላገኘሁላቸውም።