ከደቀመሐሬ በኋላ የሰጠሁት ቁልፍ

የአስመራውን ቤቴን የቆለፍኩት በምሽት ነው። የደቀመሐሬ ግንባር ተሰብሮ አስመራ ከተያዘች በኋላ፣ የወታደር ሚስቶች ሲነጋ በካሚዮን ትጫናላችሁ ተባልን። ካሚዮኑ ወዴት እንደሚሄድ ሦስት ሰው ጠይቄ ሦስት መልስ አገኘሁ፤ አንዱንም አላመንኩም። ልጄን ሰብለን አዝዬ አከራዬ አደይ ለተብርሃን ዘንድ ሄድኩና ቁልፉን ሰጠኋቸው።

"ታደሰ ራሱ ካልመጣ ለማንም እንዳይሰጡብኝ።"

"አንገቴ ላይ አንጠለጥለዋለሁ፣ ጓለይ" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

ታደሰ ባሌ ነው። የሃምሳ አለቃ ነበር፤ አፍአበት ላይ ጦሩ ሲፈታ የገባበት ጠፋ። አብራችሁኝ የወጣችሁ ታውቃላችሁ፣ እኛ ዘመን የምንቆጥረው በጦርነት ነው። ሰብለ የተወለደችው ከአፍአበት በኋላ፣ ሽሬ ሳይለቀቅ ነው። ዓሣ ከገበያ የጠፋው ምጽዋ የተያዘች ጊዜ ነው። ቁልፉን የሰጠሁት ደግሞ ከደቀመሐሬ በኋላ ነው፤ ይቺን ያዙልኝ።

ካሚዮኑ ድንበር ላይ አራገፈን። የመረብን ወንዝ በእግር ተሻግረን፣ በየመንገዱ እየለመንንም እየተለመንንም፣ መጨረሻ ላይ አቃቂ ቃሊቲ አንድ ባዶ መጋዘን ውስጥ ተወሸቅን። አስመራ ዝናቡ ሲያባራ አስፋልቱ ላይ እንጀራ ቢዘረጋ አያስጠይፍም ነበር፤ የቃሊቲ ጭቃ ጫማ አውልቆ ያስቀራል። አንድ ቀን አማረኝና ስፓጌቲ አዘዝኩ፤ ገንፎ ሊሆን ጥቂት የቀረው ነገር አመጡልኝ። የዚያን ቀን አልቅሼ በላሁት።

ቀበሌ ለመመዝገብ ብሄድ ሰውዬው ቀና እንኳ አላለም።

"ባል አለሽ?"

"አለኝ። አፍአበት ላይ ነው የጠፋው።"

"ጠፋ የሚባል ነገር የለም። ከሞተ ሞተ በይ፣ ካለ አምጪው።"

ቤት ያከራዩኝ የአካባቢው ነባር ሰው አቶ ቶላም ያው ናቸው። "ባል የሌላት ሴት አላስገባም፤ እሱ ይምጣና ይዋዋል" አሉ።

"አባባ፣ እሱ የመጣ ዕለት የእርስዎን ቤት ምን ልሠራበት?"

ሳቁና አስገቡኝ። እኔ ግን ሳቃቸውንም ተጠራጠርኩ፤ ማታ ማታ መቀርቀሪያው ላይ ሙቀጫ አስደግፌ ነበር የምተኛው።

እንዲህ ጥቂት ዓመታት ኖረን፣ አንድ ከሰዓት በኋላ አንድ እግሩን የሚያነክስ ሰው በከዘራ መጣ። የታደሰ የጦር ጓደኛ ነኝ አለ። ሻይ አፈላሁለት። ሰብለን ትክ ብሎ አያትና "ዓይኗ የእሱ ነው" አለ። ታደሰ የት ነው ብዬ ብጠይቀው ወሬ አዞረብኝ። ሊወጣ ሲል ለማጽናናት ያህል "እትዬ፣ ዕቃዎን ቆልፈው ቁልፉን ለአሮጊቷ ትተው መምጣትዎ ደግ አደረጉ" አለኝ። ወጥቶ ግን ወደ መንገዱ አልሄደም፤ አቶ ቶላ ቤት ገባ። ማታ አቶ ቶላ ወተት ላኩልኝ። ልከውልኝ የማያውቁትን ወተት!

ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። አቶ ቶላ ከፊት፣ የዕድሩ ሰዎች ከኋላ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው። ሲነጋ እንዲህ ተሰብስቦ የመጣ ሰው ምን ይዞ እንደመጣ ማን ይጠፋዋል? መርዶ ነው። የሚያነክሰው ሰውም መሐላቸው ቆሟል።

"ጠንክሪ ልጄ" አሉ አቶ ቶላ።

"አፍአበት ላይ፣ እቅፌ ውስጥ ነው ያለፈው" አለ ሰውየው።

ሴቶቹ እሪ አሉ። እኔ እንባ አልመጣልኝም። አፍአበት ላይ የሞተ ሰው ከደቀመሐሬ በኋላ ስለሰጠሁት ቁልፍ ለጓደኛው እንዴት ይነግራል?

"ስለ ቁልፉ ማን ነገረህ?" አልኩት።

ከዘራውን ይዞ ወደ ሴቶቹ ኋላ ፈቀቅ አለ። አቶ ቶላ "ሐዘን ነው የሚያስቀባጥራት" ብለው እጄን ያዙኝ። አስለቅቄ ወጣሁ፤ በነጠላ ጫማ ሳሪስ ድረስ ሄጄ ስልክ ደወልኩ። ምናልባት ሰውየው በአስመራ አልፎ፣ ወሬውን ከአደይ ሰምቶ ይሆናል እያልኩ ነበር። ከቤታቸው አጠገብ ባለው ቡና ቤት ስልክ አስጠራኋቸው።

"አደይ፣ የሚያነክስ ሰው መጥቶ ስለ ቁልፌ ጠይቆዎት ነበር?"

"የሚያነክስ ሰው አላየሁም።"

"ቁልፉስ አለ?"

ሌላ ጊዜ ስደውል ጠይቄ ሳልጨርስ "አንገቴ ላይ ነው" ይሉኝ ነበር። አሁን ግን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ወሰደው፣ ጓለይ።"

"ማን?"

"ለማን ስጪ ብለሽኝ ነበር?"

"ደህና ነው?" አልኩ። ስንት የሚጠየቅ ነገር እያለ ከአፌ የወጣው እሱ ነው።

"ደህና ነው። ብቻውን አይደለም፤ ተማርኮ ከቆየ በኋላ እዚሁ ትዳር ይዟል፣ ልጆች አሉት። ሞቷል ብትባል ቁርጧን ታውቃለች ብሎ ነው ሰው የላከብሽ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ውሸት አልችልም።"

ስመለስ ድንኳን ተተክሏል። የሚያነክሰው ሰው ቀምሶ ሄዷል። ባለ ሐዘኗ ስላላለቀሰች ሴቶቹ ግራ ተጋብተው ተቀምጠዋል። ሰብለን የሆነች ሴት ጥቁር ቀሚስ አልብሳታለች፤ ቀሚሱ እግሯ ሥር ይጎተታል።

"እማዬ፣ አባዬ ሞተ አሉኝ። እውነት ነው?"

አፌን የከፈትኩት ልመልስላት ነበር። የወጣው ግን ጩኸት ነው። መሬት ላይ ወደቅኩ፤ ደረቴን መታሁ፤ ስሙን እየጠራሁ አለቀስኩ፤ ሴቶቹም ተቀበሉኝ።

አቶ ቶላ ከደጅ ሆነው "ተመስገን! አለቀሰች" አሉ።