ነጭ ባንዲራ በሞተር ላይ

ከሚሴ ላይ ባንዲራ የሌለው ሞተር ሞተር የማይመስልበት ጊዜ ነበር። ሠርግ ሲሆን፣ ዒድ ሲሆን፣ የሚደግፉት ቡድን ሲያሸንፍ ሞተረኞቹ ከኋላ መጫኛቸው ላይ ባንዲራ አስረው፣ ጡሩምባ እየነፉ አስፋልቱን ከላይ እስከ ታች ይመላለሱበታል። አዋላጅ ነርስ ሆኜ ከደሴ ስመጣ መጀመሪያ ዓይኔን የሳበኝ ይሄው ነበር። የተመደብኩት ግን ከተማው ውስጥ አልነበረም። ከጨፋ ሮቢት ወደ ተራራው ጥግ ገባ ብላ በምትገኝ መንደር፣ አንዲት ትንሽ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነው።

የመንገዱ ሰላም ሲደፈርስ ከሁሉ ቀድሞ የጠፋው ባንዲራ ነው። የትኛውንም ቀለም ብታስር አንዱ ኬላ ላይ በፈገግታ ያሳልፉሃል፤ ቀጥሎ ያለው ላይ ከሞተርህ ያወርዱሃል። ሰዉ ባንዲራውን ፈትቶ ሣጥን ውስጥ ከተተ። መስተዋቱ ላይ ለጌጥ ያንጠለጠላትን ሪባን ሳይቀር በጥሶ የጣለም ነበር። አምቡላንስ መምጣት አቆመ። ወደ ከሚሴ ሆስፒታል በሚወስደው መንገድ ላይ መሣሪያ የያዙ የአካባቢው ወጣቶች ገመድ ወጥረው ተቀመጡ። ክፉ ልጆች አልነበሩም። አንዳንዶቹን በስም አውቃቸዋለሁ፤ የአንደኛውን ሚስት አዋልጃለሁ። ግን ፈርተዋል። የፈራ ሰው መሣሪያ ሲይዝ ደግሞ ለማንም አይመችም።

በመንደራችን አንድ ሞተረኛ ነበር። የታላቅ ወንድሜ እኩያ ስለሆነ ጋሼ እለዋለሁ፤ እሱ ደግሞ እንደማንኛውም ሰው ሲስተር ይለኛል። ድሮ የሠርግ አጀብ የሚመራው እሱ ነበር አሉ። ምጥ የጠናባትን ሴት ከመንደር አውጥቶ አስፋልት ላይ የሚያደርስልኝም እሱ ነው። መንገዱ ከተዘጋ በኋላ አንዲት ነፍሰ ጡር ኬላው ላይ ተይዛ ቆይታ ከሞት አፋፍ ስትመለስ፣ «እንዲህማ አይሆንም» ብሎ ሽማግሌዎቹን አስነሣቸው። ከኬላው ወዲህም ወዲያም ያሉት ተሰበሰቡ። የወጣቶቹም ተወካይ መጣ። ነገሩን የያዙት አንድ ሸምገል ያሉ ሼህ ነበሩ።

«ታማሚ የያዘ ሞተር ነጭ ባንዲራ ያስር» አሉ። «ጽሑፍ አይኑርበት፣ ሌላ ቀለም አይንካው። ከኋላ ይታሰር፤ ከሞተረኛው ራስ ከፍ ይበል። ከፊት ከታሰረ ፊቱን ይጋርደዋል። ፊቱ የማይታይ ሰው ያስፈራል።»

«አጠር ይበል ሼሁ» አለ ሞተረኛው። «ረጅም ከሆነ ነፋስ ጎማ ውስጥ ይከተዋል።»

«አጠር ይበል። ኬላው ሲታይህ ፍጥነትህን ቀንስ። የታማሚው ፊት አይሸፈን። ስትመለስ፣ ታማሚ ሳትይዝ፣ ባንዲራው ይውረድ፤ ይታጠፍ። በባዶ ሞተር ላይ ካውለበለብከው ዋሸህ ማለት ነው።»

«እኛስ?» አለ የወጣቶቹ ተወካይ።

«እናንተማ ነጩን ስታዩ ገመዱን ታወርዳላችሁ። አትጠይቁም።»

ዱዓ ተደርጎ ተበተንን። ጨርቁን ከጤና ጣቢያው አንሶላ ቆርጬ የሰጠሁት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ልንወስዳት ያወጣናት ሴት ግን ሞተሩን ስታይ ወደ ኋላ አለች። «ከፈን እያውለበለብኩ አልሄድም!» ብላ ደጃፉን ይዛ ቀረች። መርፌና ክር አምጥቼ እሷው ፊት ጠርዙን ዙሪያውን ቀመቀምኩት። «አየሽ፣ ከፈን አይሰፋም፤ ይሄ የተሰፋ ነው» አልኳት። በምጥ መሃል እየሳቀች ወጣች።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው በዚያ ጨርቅ አለፈ። ምጥ የያዛቸው፣ እባብ የነደፈው ገበሬ፣ ወባ ያንቀጠቀጣት ሕፃን። ገመዱ ከሩቅ ሲወርድ ባየሁ ቁጥር እፎይ እል ነበር። ሞተረኛው ባንዲራውን እንደ መስገጃው ነበር የሚይዘው። ደም ሲነካው ራሱ ያጥበዋል፤ ስንመለስ ከእንጨቱ ፈትቶ፣ አጥፎ ጃኬቱ ውስጥ ይከተዋል። አንድ ጊዜ አንድ ጫት ነጋዴ አጠገቤ እየለመነው፣ «ማሎ፣ ባክህ፣ አንድ እስር ብቻ፣ ከሥርህ ደብቀው» ሲለው ሰምቻለሁ። «ይሄ ጨርቅ የኔ አይደለም» ብሎት ነው የሄደው።

እንዲህ ያለ ሰው ነበር። ለዚህ ነው ነገሩን ስሰማ ያላመንኩት።

አንድ ቀን ጠዋት ከኬላው ሁለት ወጣቶች ጤና ጣቢያው መጡ። ሰላምታቸው የቀድሞው አልነበረም።

«ሲስተር፣ ያቺን የሞተረኛውን ልጅ አንቺ ነሽ የላክሻት?»

«የት?»

«ከሚሴ። ሆዷን አሟት፣ በነጭ ባንዲራ።»

ልጅቷን አውቃታለሁ፤ አንድም ቀን ታማ አልመጣችም። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። የመንደሩ ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ፈተናው የሚሰጠው ከሚሴ ነው ተብሎ ነበር። ዝም ማለቴን ሲያዩ ታላቁ ራሱን ነቀነቀ።

«እህቴ ከኋላዋ ተቀምጣ ነው የተፈተነችው» አለ። «ምንም አላመማትም።»

ሞተረኛውን አስጠርቼ ጠየቅኩት። አልካደም። ቁጭ ብሎ መሬት መሬት እያየ፣ «አንድ ጊዜ ብቻ ነው ሲስተር» አለ። «ካመለጣት ዓመቱን ልትቀመጥ ነው። እናቷ ደግሞ ቤት ከዋለችማ እንዳራት ትላለች። በእግር እንዳልልካት ተራራው አያስተማምንም።»

«ብትጠይቃቸውስ ኖሮ?»

«እምቢ ቢሉኝስ? እምቢ ካሉኝ በኋላ ባንዲራውን ባስር ማን ያምነኛል?»

ልጄ ብትሆን እኔስ ምን አደርግ ነበር? በመጨረሻ ጁምዓ ከተሰገደ በኋላ ከሼሁ ጋር ወደ ኬላው ወርዶ ይቅርታ ሊጠይቅ ተስማማን። ተነሥቶ ሲሄድ ትንሽ ቀለል ያለው መሰለኝ።

ጁምዓ ሳይደርስ አንዲት ሴት በቃሬዛ መጣች። ምጥ ላይ ነበር ያደረችው። የልጁን ልብ ሳዳምጥ ይመታል፣ ግን ደካማ ነው፤ አንዳንዴ ይጠፋብኛል። እኔ ጋ የሚወለድ አልነበረም። ሞተረኛውን ጠራሁት። ባንዲራውን አሰረ፣ እሷን መሃል አድርገን እኔ ከኋላ ደግፌ ያዝኳት። ባሏ በእግሩ እየሮጠ ተከተለን።

ኬላው ሲታየን ሞተረኛው ፍጥነቱን ቀነሰ። እኔ የሴትየዋን ሻሽ ከፊቷ ገለጥኩ። እንደ ሁልጊዜው ገመዱ እስኪወርድ ጠበቅኩ። አልወረደም።

ጤና ጣቢያ መጥቶ የነበረው ታላቁ ወጣት ቀስ ብሎ ተጠጋን። ባንዲራውን ከላይ እስከ ታች አየው።

«ዛሬስ ፈተናው የማን ነው?» አለ።

«ፊቷን እያት!» ብዬ ጮህኩ። «እኔን አታውቀኝም? እኔ ነኝ የያዝኳት!»

«አንቺንም ያኔ ጠይቀንሽ ዝም ነው ያልሽው ሲስተር። አለቃችን ይምጣ፤ ከወንዙ ማዶ ነው፣ ሰው ልከናል።»

ሞተረኛው ወርዶ አስፋልቱ ላይ ተንበረከከ። «ኢጆሌ፣ ማሎ! ልጆች፣ ባካችሁ! ጥፋቱ የኔ ነው። እኔን እሰሩኝ፣ ሞተሩን ከናንተ አንዱ ይንዳው፣ እነሱን አሳልፏቸው።» እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛው ይሂዱ አለ፤ ሌላኛው አለቃው ሳይመጣ አይሆንም አለ። ሲጨቃጨቁ ሴትየዋ ከሞተሩ ላይ ተንሸራታ እጄ ላይ ወደቀች። ከዚያ ወዲያ ሳትወልድ በሞተር የምትሄድ አልነበረችም።

ወጣቶቹ ከፀሐይ የሚጠለሉባት የቆርቆሮ ዳስ ውስጥ አስገባኋት። ከዚያ በኋላማ ሁሉም ይሮጥ ጀመር። አንዱ ውሃ አመጣ፣ አንዱ ጀርባውን ሰጥቶ ፎጣውን እንደ መጋረጃ ዘርግቶ ቆመ። ገመዱም ወርዷል፤ ማን እንዳወረደው አላየሁም። ልጁ ወንድ ነበር። አላለቀሰም። አፉን ጠረግኩ፣ እፍ አልኩበት፣ በሁለት ጣቴ ደረቱን ተጫንኩ፣ እንደገና እፍ አልኩበት። መቼ እንዳቆምኩ አላስታውስም፤ እናቲቱ ክንዴን ይዛ፣ «ሲስተር፣ ተይው፣ ይብቃው» ስትለኝ ብቻ አስታውሳለሁ።

ባሏ እያለከለከ ደረሰ። ፊታችንን አይቶ ገባው። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለና፣ «እሷስ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«እሷ አለች። ግን ደም እየፈሰሳት ነው፤ ከሚሴ መድረስ አለባት።»

ፎጣውን ዘርግቶ የነበረው ወጣት ሕፃኑን በዚያው ፎጣ ጠቅልሎ ለአባቱ ሰጠው። ሞተረኛውና እኔ እናቲቱን በሞተሩ ይዘን ሄድን። እሷ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ተረፈች።

ሞተረኛውን ሆስፒታሉ በር ላይ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። እጆቹ ጉልበቱ ላይ ናቸው። ያየሁትን ነገርኩት።

«የልጁ ልብ ከቤቷ ስትመጣም ደካማ ነበር። በቀጥታ ብናልፍም ይኖር ነበር ልልህ አልችልም።»

«ይሞት ነበርስ ልትዪኝ ትችያለሽ?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያው ይኖር ነበር» አለ። ያንን ቃል ከልቡ የማወጣበት ሌላ ቃል ፈልጌ አጣሁ። እስከ ዛሬም አላገኘሁም።

ሼሁ ሁሉንም እንደገና ሰበሰቡ። ሞተረኛው መሃል ቆሞ ጥፋቱን ተናገረ። ከዚያ፣ «ፈተናው የማን ነው?» ያለው ወጣት ተነሣ። ሊናገር እየሞከረ እንባው ቀደመው።

«ለምን አልነገርከንም?» አለው። «ለፈተና ነው ብትለን እኮ እናሳልፋት ነበር። እህቴን በእግር ወስጄ ያደረስኳት እኔ ነኝ። አብሬ እወስዳት ነበር።»

በሕይወቴ ብዙ ሰው መርዶ ሲነገረው አይቻለሁ፤ ያን ቀን እንደ ሞተረኛው ፊቱ የተለወጠ ሰው ግን አላየሁም።

ባንዲራው ተመለሰ። አዋላጇ ወይ ሌላ የጤና ባለሙያ አብሮ ካለ ያለ ጥያቄ ይለፍ ተባለ። ሞተረኛው ግን ዳግመኛ አላሰረውም። ሽማግሌ ላኩበት፣ እኔም ደጋግሜ ሄድኩ፤ «ሌላ ሰው ፈልጉ» ከማለት ሌላ መልስ አልነበረውም። ሌላ ሞተረኛ ተገኘ፤ ጎበዝ ነው፣ ጥንቁቅም ነው። የጋሼ ሞተር ቤቱ ጥግ በጆንያ ተሸፍኖ ቀረ። ራሱ ቦርከና ወንዝ ዳር ሽንኩርት ማልማት ጀመረ።

ልጅቷ ፈተናውን አለፈች። ወሬው ግን ከውጤቱ ቀድሞ ደርሷት ነበር። ትምህርት ሲጀመር አልሄድም አለች። ቤታቸው ሄጄ ለብቻዋ ሳነጋግራት፣ «አባቴ ኬላው ላይ አቃስቺ ሲለኝ ሳቄ መጥቶብኝ ነበር» አለችኝ። «ሲስተር፣ ሕፃኑ በኔ ነው የሞተው?»

«አይደለም። አንቺ ልጅ ነሽ፤ አባትሽ ያለሽን ነው ያደረግሽው።»

«በአባቴ ነው?»

ስለ ሕፃኑ ልብ ለአባቷ የነገርኩትን ለእሷም ነገርኳት። አዳመጠችኝ። «ታዲያ ለምንድን ነው ቀርቤ ሳወራው ወደ ውጭ የሚወጣው?» አለች። በመጨረሻ ትምህርቷን የጀመረችው አባቷ ራሱ ደብተሯን ይዞ፣ በእግሩ እስከ ከሚሴ ከሸኛት በኋላ ነው። አክስቷ ቤት ሆና እየተማረች ነው። በበዓል ስትመጣ ሁለቱ ብዙም እንደማያወሩ እናቷ ነግራኛለች።

አሁን መንገዱ ተከፍቷል። አምቡላንሱም ይመጣል፣ በሠርግ ቀን ሞተረኞቹም እንደ ድሮው ባንዲራ ያስራሉ። ባለፈው ለሥራ ሰንበቴ ከተማ ወርጄ ከብት ተራው ዘንድ ጋሼን አገኘሁት። አንድ ወይፈን ይዟል። ጺሙ ሸብቷል። ሰላምታችንን እንደጨረስን የጠየቀኝ ስለዚያች ሴት ነው።

«ደህና ናት?»

«ደህና ናት። ሌላም አልወለደችም፤ ግን ጤናዋ ደህና ነው። ስታገኘኝ ስላንተ ትጠይቀኛለች። ባሏም እኮ ቂም የለውም። ሄደህ ብታያቸው ደስ ይላቸዋል።»

«ኢንሻአላህ» አለ።

«የእውነት ነው የምልህ ጋሼ። ቡና ጠጥተህ ትመለሳለህ፣ ሌላ ነገር የለውም።»

«ኢንሻአላህ ሲስተር» አለ ደግሞ፤ በዚህኛው ድምፁ ዝቅ ብሏል። «ነጋን ገሊ፤ በሰላም ግቢ» ብሎኝ ወይፈኑን እየሳበ በገበያተኛው መሃል ሄደ።

እስካሁን አልሄደም። የእሷ መንደር ወደ እርሻው በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፤ እሱ ግን ወደ ማሳው ሲወርድ በወንዙ በኩል ዞሮ እንደሚሄድ ጎረቤቶቹ ይነግሩኛል። ክረምት ወንዙ ሲሞላ እንኳ በዚያው ነው አሉ።